የኡዝቤኩ ወታደር አማርኛ

አምስት ቋንቋ እናገራለሁ፤ በአምስቱም ሰው ስቆብኛል። በልጅነቴ ከአርሲ አዲስ አበባ ስገባ በአማርኛዬ ሳቁ። ታሽከንት ስማር መምህራኑ በራሺያኛዬ፣ የዶርም ጓደኞቼ በኡዝቤክኛዬ ሳቁ። አሁን አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ፣ ፕሊማውዝ በምሠራበት ፋብሪካ፣ ለሆስፒታል የሚሆን ቀጭን ቱቦ በምንገጣጥምበት ክፍል፣ ሱፐርቫይዘሬ አንዱን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ያስደግመኛል። ባለፈው ዓመት አርሲ ደውዬ ከአክስቴ ልጆች ጋር ሳወራ ደግሞ ኦሮምኛሽ አርጅቷል ብለው ሳቁብኝ። እንዲታዘንልኝ ብዬ አይደለም የምናገረው። ሳቅ ከየት እንደሚመጣ አውቃለሁ። አንድ ጊዜ አዳራሽ ሙሉ ሰው በአባቴ አፍ እንዲስቅ ያደረግሁት እኔ ራሴ ነኝ።

በደርግ ጊዜ ታሽከንት የተላክሁት የጨርቃ ጨርቅ ምህንድስና እንዳጠና ነበር። ስለ ጥጥ ስድስት ዓመት ተምሬ ስመለስ፣ ራሺያኛ ታውቃለች ተብዬ አዲስ አበባ ውስጥ ፊልም ለሕዝብ በሚያሳይ አንድ መሥሪያ ቤት ተመደብኩ። ምደባ እንዲያ ነበር፤ ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም። ከሶቭየት ኅብረት የሚመጡት የሁለተኛው ዓለም ጦርነት ፊልሞች አማርኛ አልነበራቸውም። የፊልሙ ድምፅ ዝቅ ይደረግና አንድ ሰው ከስክሪኑ አጠገብ ማይክሮፎን ይዞ ትርጉሙን ከወረቀት ያነባል። የማነበው እኔ ነበርኩ። የጄኔራሉንም የሕፃኑንም፣ የወንዱንም የሴቷንም ቃል በአንድ አፍ አነባለሁ። በቀበሌ አዳራሽ፣ በፋብሪካ ምግብ ቤት፣ በጦር ካምፕ፣ አንዳንዴም ሜዳ ላይ ነጭ አንሶላ ተወጥሮ።

ትርጉሙን የሚጽፉት እስከ ዛሬ ጋሼ የምላቸው የሥራ ባልደረባዬ ነበሩ። በዕድሜ አሥር ዓመት ያህል ይበልጡኛል። ሞስኮ ተምረዋል። አማርኛቸው ሲነበብ አፍ ላይ ይጣፍጣል፤ የቄስ ልጅ ናቸው፣ ቅኔ ቤትም ገብተው ነበር። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ዛሬም አይደሉም። ይህን አስቀድሜ መናገር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ከዚህ በኋላ የማወራው ከእሳቸው ጋር ስለተጣላሁበት ጉዳይ ነው።

እነዚያን ፊልሞች ያየ ሰው ያስታውሳል። አንድ የጦር ጓድ አለ። በጓዱ ውስጥ ከየሪፐብሊኩ አንድ አንድ ሰው ተመርጦ ገብቷል። ጆርጂያዊው ይዘፍናል። ዩክሬናዊው ይበላል። ከሳይቤሪያ የመጣው አነጣጥሮ ይተኩሳል። ኡዝቤኩ ወይ ካዛኩ በቅሎ ይጠብቃል፣ ሻይ ያፈላል፣ በተሰባበረ ራሺያኛ አንድ የሚያስቅ ነገር ይናገርና ፊልሙ ሳያልቅ ይሞታል። ሴት ካለች ሬዲዮ ትይዛለች ወይም ቁስል ታስራለች። የሚያስበው ሩሲያዊው ነው። ሁሉም ሰው ወንድማማች ነው፤ ማሰብ ግን የአንዱ ሥራ ነው።

ከእነዚህ ፊልሞች አንዱን፣ አንድ ጓድ ድልድይ እንዲጠብቅ ታዝዞ እዚያው ሲያልቅ የሚያሳየውን፣ መጀመሪያ ያየሁት ታሽከንት ነው። ገና ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። አብራኝ የምትኖረው ልጅ ኡዝቤክ ነበረች፣ ከፌርጋና ገጠር የመጣች፣ አያቷ በዚያ ጦርነት ሞተው የቀሩ። ሲኒማ ቤት ይዛኝ ሄደች። መሀል ላይ የጓዱ አዛዥ ምሽግ ውስጥ ስለ እናት አገር ረጅም ንግግር ያደርጋል። ሙዚቃው ከፍ ይላል። ወታደሮቹ በተመስጦ ያዳምጣሉ። ኡዝቤኩ ወታደር የሾርባ ሳህኑን ይዞ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ንግግሩ ሲያልቅ አንገቱን ደፍቶ በራሱ ቋንቋ ሁለት ዓረፍተ ነገር ያጉረመርማል። አዛዡ መጥቶ ትከሻውን ይዞ፣ «ገባኝ ወንድሜ፤ አገርህ ናፍቆሃል» ይለዋል።

እዚህ ቦታ ላይ ሲኒማ ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ከፊታችን የተቀመጡ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸውን መቱ። እኔ ግራ ገባኝ፤ ሙዚቃው የሚያስለቅስ ነው፣ ሰው ይስቃል።

«ምን አለ?» አልኳት ጓደኛዬን።

ጆሮዬ ላይ ተጠግታ ነገረችኝ። ሰውየው ያለው፣ «ይሄ ሰው ንግግር ሲያበዛ ሾርባችን ቀዘቀዘ። በባዶ ሆዳችን ሊያስጨርሰን ነው» ነው።

ዳይሬክተሩ ኡዝቤክኛ አያውቅም። የሚመረምሩት ሰዎችም አያውቁም። የፊልሙ ድርሰት ላይ «ስለ አገሩ በቋንቋው ይናገራል» ተብሎ ተጽፎ ይሆናል፤ ተዋናዩ ደግሞ በቋንቋው ተናገረ። ያን ፊልም በመላው ሶቭየት ኅብረት አሳይተውታል። ታሽከንት ላይ ሰው ይስቅ ነበር፤ ሌላው ቦታ ያለቅስ ነበር።

ስንወጣ ጓደኛዬ ሳቋ ቆሞ ነበር። «አያቴ እንደዚያ አይናገሩም ነበር» አለችኝ፣ የተሰባበረውን ራሺያኛ ማለቷ ነው። «አያቴ የመንደሩ ሸምጋይ ነበሩ። የተጣላ ሰው በአንድ ቃላቸው ይታረቅ ነበር ይባላል። እንደሳቸው ያለውን ሰው በራሺያኛ ሲያሳዩት ግን ሞኝ ይመስላል።» ይህን የዶርማችን ጽዳት ሠራተኛ ለነበሩት የክራይሚያ ታታር ሴትዮ ስንነግራቸው፣ መጥረጊያቸውን እንደያዙ ቆመው አዩን። እሳቸው በልጅነታቸው ከነቤተሰባቸው ከክራይሚያ ተግዘው በባቡር የመጡ ናቸው፤ አባታቸው በዚያን ጊዜ ግንባር ላይ ለዚያው ለሶቭየት ጦር ይዋጉ ነበር። «እናንተስ ሞኝ ሆናችሁም ቢሆን ፊልሙ ውስጥ ገብታችኋል» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እኛ ለመሳቂያ እንኳ አልተፈለግንም።»  ይህን ብለው ደረጃውን መጥረግ ቀጠሉ።

ያው ፊልም ከጥቂት ዓመት በኋላ አዲስ አበባ ጠረጴዛዬ ላይ መጣ፤ ትርጉሙን ጋሼ ጽፈውታል። የአዛዡ ንግግር ግሩም አማርኛ ሆኗል። የኡዝቤኩን ራሺያኛ ግን ሰባብረው በአማርኛ አምጥተውታል። «እኔ ጥይት አይፈራም፤ እናቴ ነው የሚፈራው» ይላል ወታደሩ። በኡዝቤክኛ ያጉረመረመበት ቦታ ላይ ደግሞ ጋሼ ከራሳቸው፣ «እናት አገሬ ሆይ፣ አፈርሽ ይናፍቀኛል» የሚል ጨምረዋል። ትክክለኛውን ነገርኳቸው። ሳቁ፤ ከዚያ በሩን ዘጉና፣ «ይሄን አዳራሽ ውስጥ ብታነቢው የት እንደምናድር ታውቂያለሽ?» አሉኝ። ልክ ነበሩ። ካድሬው ሁልጊዜ ፊት ወንበር ላይ ነው የሚቀመጠው። ስለ ሾርባው ቦታ አልከራከርም።

የተሰባበረውን አማርኛ በተመለከተ ግን ማንም አላስገደደኝም። መጀመሪያ በልምምድ ላይ ዝም ብዬ አነበብኩት። ጋሼ፣ «ትንሽ ሕይወት ስጪው» አሉ። እኔም ሕይወት ሰጠሁት። ከየት እንደማመጣው አውቅ ነበር። ቃሉን የት እንደሚረግጥ፣ ወንዱን ሴት፣ ሴቷን ወንድ አድርጎ እንዴት እንደሚጠራ፣ የት ላይ ትንፋሽ እንደሚወስድ ከልጅነቴ ጀምሮ ቤታችን ስሰማው ያደግሁት ነው። ቢሮው በሳቅ አለቀ። ጋሼ እንባቸውን እየጠረጉ፣ «አንቺ ልጅ ተዋናይ ነሽ» አሉኝ። ደስ አለኝ። እኔ አማርኛዬን ለማስተካከል ዓመታት የፈጀሁ ልጅ፣ አሁን በተበላሸው አማርኛ ተመሰገንኩ።

አባቴ ዓይኑን ሊታከም ከአርሲ መጥቶ እኔ ጋ አርፎ ነበር። ሥራዬን ማየት ፈለገ። ሰውን በፊልም የምታናግር ልጅ አለችኝ እያለ ለመንደሩ ሲያወራ ከርሟል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ ፋብሪካ ውስጥ እናሳይ ነበርና ይዤው ሄድኩ። ፊት አካባቢ አስቀመጥኩት፤ ከዘራውን ጉልበቱ መሀል አቁሞ በደንብ በማያይ ዓይኑ ስክሪኑን ያያል። ኡዝቤኩ ሲመጣ አነበብኩ። ሠራተኛው ሳቀ። ባነበብኩ ቁጥር ሳቀ። ወታደሩ ገና አፉን ሳይከፍት መሳቅ ጀመሩ። አንድ ጊዜ ወደ አባቴ ዞር አልኩ። አይስቅም፤ አልተቆጣምም። ጆሮውን አቅንቶ ይሰማል።

ሲያልቅ ወደ አውቶቡሱ አብረን ሄድን። ትንሽ እንደተራመድን በኦሮምኛ፣ «ያ በቅሎ የሚጠብቀው ወታደር ከየት ነው?» አለኝ።

«ከኡዝቤኪስታን ነው፣ አባ።»

«ሩቅ ነው?»

«በጣም ሩቅ ነው።»

ከዘራውን እየመታ ሄደ። ፌርማታው ጋ ስንደርስ፣ «እኔን አማርኛ ያስተማረኝ ሰው ነው እሱንም ያስተማረው» አለ።

 አውቶቡሱ ሲመጣ እጄን ይዞ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ስለ ሥራዬ አልጠየቀኝም፤ መንደር ውስጥም ማውራት እንዳቆመ በኋላ ከእናቴ ሰማሁ። በማግስቱ ያን ድምፅ ተውኩት ብል ደስ ይለኝ ነበር። አልተውኩትም። መንግሥት እስኪለወጥ ድረስ በዚያው ድምፅ አነበብኩ። ማቆም እችል ነበር፤ በደህናው አማርኛ ባነበው ካድሬውም ምንም አይለኝም ነበር። ሳቁ ግን ጥሞኝ ነበር።

ሚኒሶታ ከመጣሁ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ሆነኝ። ሮቢንስዴል በምትባል ከተማ እኖራለሁ፤ እዚህ የተወለደች አንድ ሴት ልጅ አለችኝ፣ አድጋ ክሊኒክ ውስጥ ትሠራለች። ጋሼም ከእኔ ቀድመው መጥተው ነበር። ዳውንታውን ፓርኪንግ ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። አሁን ሲዋርድ በሚባል ሰፈር፣ በሚኖሩበት ሕንፃ የጋራ ክፍል፣ በወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አረጋውያኑን ይሰበስባሉ። ካርታ ይጫወታሉ፣ ሻይ ይጠጣሉ፣ ስለ ስኳርና ደም ግፊት ይወራል። የሚመጣው ሰው ግማሹ ቤቱ ኦሮምኛ የሚናገር ነው፤ ክርስቲያንም እስላምም አለ።

ባለፈው መኸር ደወሉልኝ።

«ያ የድልድዩ ፊልም ኢንተርኔት ላይ ተገኘ» አሉ። «ጥርት ብሎ ተጠግኗል። ሰዉ የእንግሊዝኛውን ሰብታይትል ሮጦ ማንበብ አይችልም። እንደ ድሮው አንብቢልን።»

«ወረቀቱ የት ይገኛል፣ ጋሼ?»

«እኔ ጋ ነዋ።»

ይዘውት መጥተዋል። በታይፕ የተመታ፣ ጠርዙ ቡናማ የሆነ ሃያ ምናምን ገጽ ወረቀት፣ ከአዲስ አበባ በሻንጣ እዚህ ድረስ። በፕላስቲክ ፎልደር አድርገው ሲሰጡኝ እጃቸው ይጠነቀቃል። «የኡዝቤኩን እንደዚያች እንደ ድሮዋ አድርጊያት» አሉኝ። «እነዚህ ሽማግሌዎች ከሳቁ ቆይተዋል።»

እሺም እንቢም ሳልል ወሰድኩት። እሑድ ከሰዓት ላፕቶፑን ሳሎን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ ፊልሙን ከፈትኩ። ልጄ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። እኔ በአማርኛ አወራታለሁ፤ እሷ በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች፤ እንደዚያ ነው ኑሯችን። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ፣ «ማሚ፣ ይሄ ሰውዬ ቶክን ነው» አለችኝ።

«ቶክን ምንድን ነው?»

አሰበችና፣ ባላት አማርኛ፣ «ለቁጥር የገባ» አለች። «ሁሉም ሕዝብ እዚህ አለ ለማለት ያስገቡት። ደግሞ የሚሞተው እሱ ነው፤ ገና ሳያልቅ አውቄዋለሁ።»

ደሜ ፈላ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ የተናገረችው እኔም የማምንበት ነው። «የዚያን ዘመን የአሜሪካን የጦርነት ፊልም አምጪልኝ» አልኳት። «እኔን የሚመስል ወታደር ስንት ጊዜ እንደሚናገር ቁጠሪልኝ። ለቁጥር ከገባ ገባ። ገብቶ ምን አደረገ ብለሽ ጠይቂ።»

«ምን አደረገ?» አለች።

ፊልሙን ወደ ንግግሩ ቦታ አሳለፍኩት። አዛዡ ተናገረ፤ ሙዚቃው ከፍ አለ፤ ኡዝቤኩ ሳህኑን ይዞ አጉረመረመ። ከታች ያለውን ጽሑፍ ልጄ ጮክ ብላ አነበበችው፤ በእንግሊዝኛ፣ በቅንፍ ውስጥ፣ «የውጭ ቋንቋ ይናገራል» ይላል።

የውጭ ቋንቋ። ሰውየው በገዛ አገሩ ፊልም ውስጥ፣ ለዚያው አገር ሊሞት ምሽግ ገብቶ፣ የውጭ ቋንቋ ተናጋሪ ሆነ። ምን እንዳለ ለልጄ ነገርኳት። መጀመሪያ አፏን ከፍታ አየችኝ፤ ከዚያ ታሽከንት እንዳየኋቸው ሽማግሌ ጉልበቷን መታች። ፊልሙ መጨረሻ ላይ የተዋንያኑ ስም ሲያልፍ አስቆመችውና ስልኳ ላይ ፈለገችው። ስድስተኛ ላይ ነው የተጻፈው። አንድ የድሮ ፎቶ አገኘችለት፤ ታሽከንት ቲያትር መድረክ ላይ ዘውድ ደፍቶ፣ እስከ መሬት የሚደርስ ካባ ለብሶ። ለራሱ ሕዝብ በራሱ ቋንቋ ሲጫወት ንጉሥ ነው። ለፊልሙ ሲፈለግ በቅሎ ጠባቂ።

ፎቶውን ረጅም ጊዜ አየሁት። ከዚያ ቀይ እስክሪብቶ አምጥቼ የጋሼን ወረቀት ማረም ጀመርኩ። የኡዝቤኩን እያንዳንዱን ቃል ሰርዤ፣ ጤነኛ ሰው እንደሚናገረው አድርጌ ከላይ ጻፍኩ። «ጥይት አልፈራም፤ የምትፈራው እናቴ ናት።» ሳላፌዝ ሳነበው ዓረፍተ ነገሩ አያስቅም። ልጄ፣ «ይሄ እኮ የሚያሳዝን ነው» አለች። አዎ፣ የሚያሳዝን ነው። እኔ ለስንት ዓመት አስቄበታለሁ።

ቅዳሜ ከፋብሪካው ኦቨርታይም ወጥቼ በቀጥታ ወደ ሲዋርድ ድራይቭ አደረግሁ። ሠላሳ ያህል ሰው መጥቷል። ወንበሮቹ በረድፍ ተደርድረዋል፤ ፕሮጀክተሩ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን በውሰት የመጣ ነው። ለእኔ ትንሽ ጠረጴዛ ከግድግዳው አጠገብ ተቀምጦልኛል፤ ማይክሮፎንም አለ። ጋሼ ክራቫት አስረዋል። ቆመው፣ «ዛሬ በወጣትነታችን የምናውቃት ድምፅ አብራን አለች» ብለው አስተዋወቁኝ፤ ተጨበጨበልኝ። ያን ጊዜ ትንሽ አመነታሁ።

ፊልሙ ተጀመረ። ድምፄ አርጅቷል፤ ቢሆንም ከሰውየው ከንፈር ጋር መሄድ አልረሳሁም። ኡዝቤኩ መጀመሪያ ብቅ ሲል ከፊት ያሉት ጥቂት ሰዎች ገና ሳልናገር ፈገግ አሉ፤ ያስታውሱታል። በደህናው አማርኛ አነበብኩለት። ፈገግታው ቀስ እያለ ጠፋ። ጋሼ ወደ እኔ ዞረው አዩኝ፤ ምናልባት ረስታው ነው ብለው ሳይሆን አይቀርም፣ በእጃቸው «ሕይወት ስጪው» የሚል ምልክት አሳዩኝ። አልሰጠሁም። በሦስተኛው ጊዜ እጃቸውን አወረዱ።

የአዛዡ ንግግር ደረሰ። የጋሼን አማርኛ አንድ ቃል ሳልነካ አነበብኩ፤ ምክንያቱም ውብ ነው፣ ምክንያቱም ረጅም ነው። ከዚያ ኡዝቤኩ አንገቱን ደፍቶ ማጉረምረም ሲጀምር፣ ማይክሮፎኑን ወደ አፌ አስጠጋሁና ያለውን በኦሮምኛ ተናገርኩት። ሾርባው እንደቀዘቀዘ። ሰውየው በባዶ ሆዳችን ሊያስጨርሰን እንደሆነ። የአርሲ ኦሮምኛ፣ የአባቴ ኦሮምኛ፣ ሳላሳምር።

ከመሀል ረድፍ አንዲት ሴትዮ እንደመታነቅ ብለው ሳቁ። ከዚያ ከኋላ ወንዶቹ። አዛዡ መጥቶ ትከሻውን ሲይዝ ወደ አማርኛ ተመልሼ፣ «ገባኝ ወንድሜ፤ አገርህ ናፍቆሃል» ብዬ አነበብኩ። አሁን ግማሹ ክፍል ወንበር ላይ መቀመጥ አቃተው። ሌላው ግማሽ ደግሞ አንገቱን እያዞረ፣ «ምን አለ? ምን አለ?» ይላል። ጎን ለጎን የተቀመጡ ሰዎች በጆሮ ይነጋገራሉ። ልክ እኔ ታሽከንት እንደጠየቅሁት። አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ሰው፣ ምን እንደተባለ ለማወቅ አጠገቡ ያለውን ሰው ሲለምን ያየሁት ያን ቀን ነው።

ጋሼ ተነሥተው ፊልሙን አቆሙት።

«ይሄ ከየት መጣ?» አሉኝ ከወንበሮቹ መሀል ቆመው። «ወረቀቱ ላይ የለም።»

«ፊልሙ ላይ አለ፣ ጋሼ። እርስዎም ያውቁታል፤ ያኔ ነግሬዎታለሁ።»

«እሺ፣ እንዲያ ከሆነ ለምን በአማርኛ አላልሽውም? አማርኛ እዚህ ሁላችንም እንሰማለን።»

«እሱም በራሺያኛ አላለውም።»

 ጋሼ ፊታቸው ቀላ። «ሰው ተሰብስቦ ደስ እንዲለው ብዬ ነው የጠራሁሽ። አንቺ ፖለቲካ ይዘሽብኝ መጣሽ።»

«ፖለቲካ ያኔም ነበረ» አልኳቸው። «ሲያስቅ ፖለቲካ አይመስልም።»

ይህን ጊዜ ከኋላ ረድፍ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን እንደ ተማሪ አነሡ። በሶማሊያው ጦርነት በሚሊሺያ ዘምተው ምሥራቅ ግንባር የነበሩ፣ ከሐዲያ የመጡ፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው። «እኛ ስንዘምት መቶ አለቃው ሲናገር ግማሻችን አማርኛ አንሰማም ነበር» አሉ። «እንሰለፋለን፣ እናጨበጭባለን። ከዚያ በየቋንቋችን እንዲሁ ነበር የምንለው። ስለ ሾርባ።» ደግሞ፣ «ሾርባ እንኳ አልነበረም፤ ብስኩት ነው» ብለው አረሙ። «ክፈቱት፤ ልየው።»

ጋሼ ሪሞቱን ይዘው ቆመው ነበር። አንዲት ሴትዮ ከእጃቸው ቀስ ብለው ወሰዱና ከፈቱት። እስከ መጨረሻው አነበብኩ። ኡዝቤኩ ሲሞት አንድም ቃል አይናገርም፤ እኔም ዝም አልኩ። 

ሰው ሲወጣ ጋሼ ወደ ጠረጴዛዬ መጡ፤ ወረቀታቸውን አነሡ። ቀዩን እስክሪብቶ ያዩት ያን ጊዜ ነው። አንዱን ገጽ ገለጡ፣ ሌላውን ገለጡ። ከንግግራችን ሁሉ ይበልጥ የጎዳቸው ያ ነው፤ ፊታቸው ላይ አየሁት። ኮፒ አድርጌ ኮፒው ላይ መጻፍ እችል ነበር። አላሰብኩትም፤ ወይም አስቤ ትቼዋለሁ። እስከ ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም።

«በዚያ ዘመን ሰው የሚስቅበት ነገር አልነበረውም» አሉኝ፣ በቁጣ ሳይሆን። «ቀይ ሽብር ያለፈበት ሕዝብ ነው። ልጁን የቀበረ ሰው መጥቶ ይስቅልኝ ነበር። ያን ነው የሰጠሁት።»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ። እኔም ሰጥቻለሁ። የሰጠነው ግን የእኛን አልነበረም።»

«የማንን ነው?»

«የአባቴን» አልኳቸው። ስለ አባቴና ስለ ፋብሪካው አዳራሽ በዚያው ቆሜ ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ፎልደሩን ብብታቸው ስር አድርገው፣ «እግዜር ያሳይሽ» ብለው ወደ ሊፍቱ ሄዱ። ይቅርታ አልጠየቅሁም። ዛሬም አልጠይቅም፤ ለቀይ ቀለሙ ካልሆነ በቀር።

ሁለት ወር አልደወሉልኝም። የቅዳሜው ስብሰባ በካርታ ብቻ ቀጠለ ሲሉ ሰማሁ። በሦስተኛው ወር የሐዲያው ሽማግሌ በልጃቸው ስልክ ደውለው፣ «ሌላ ፊልም የለሽም ወይ?» አሉኝ። አለኝ አልኳቸው። ሬዲዮ የምትይዝ ካዛክ ሴት ያለችበት ነው፤ ካዛክኛ ስለማላውቅ ልጄ ኢንተርኔት ላይ ካዛኮች አገር አልማቲ ያሉ አንዲት አስተማሪ ፈልጋ አገኘችልኝ፤ እኔና እሳቸው በራሺያኛ እየተጻጻፍን ሴትዮዋ የምትለውን ቃል በቃል አወጣን። በዚህኛው ውስጥ የተደበቀ ቀልድ የለም። ሴትዮዋ የምትቆጥረው ቁጥር ነው፤ መድፉ የት እንደሚተኩስ የሚነገርበት ቁጥር። እሱንም አነበብኩት።

ያን ቀን ጋሼ ዘግይተው መጡ። ከበሩ አጠገብ፣ ኮታቸውን ሳያወልቁ፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። አንድ ቦታ ላይ አንድ የራሺያኛ ቃል አሳስቼ ስተረጉም ከበሩ ሆነው ጮክ ብለው አረሙኝ። ልክ ነበሩ፤ አስተካክዬ ቀጠልኩ። ሲያልቅ ሰላም ሳይሉኝ ወጡ። በሚቀጥለው ወር ግን ኮታቸውን አውልቀው ወንበሩ ጀርባ ላይ ሰቅለው ተቀመጡ።